ያልታሸገች ጦማር

በኢትዮጵያና በሱዳን ወሰን ላይ፣ ወዲህም ወዲያም ኩርሙክ የሚባሉ ሁለት ከተሞች አሉ፤ የበርታም ሕዝብ በወሰኑ በሁለቱም ወገን ይኖራል። በ2003 ዓ.ም. ማብቂያ በሱዳን የብሉ ናይል ግዛት ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ የገበያና የዘመድ መንገድ የነበረው የኩርሙክ በር የስደት መንገድ ሆነ፤ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ስደተኛ ሲቀበል በኖረው በሸርቆሌ መጠለያ ላይም በቶንጎና በባምባሲ ሌሎች ተጨመሩ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም የፈነዳው ጦርነት ደግሞ በዚያው በር ብዙ ሰው አመጣ።

ከነዚህ ስደተኞች መካከል በሽሽት ላይ ከወላጆቻቸው የተለዩ ሕፃናት አሉ። ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር ሆኖ የጠፋ ዘመድ ያፈላልጋል፤ ስልክ በማይደርስበትም ስፍራ «የቀይ መስቀል መልእክት» የምትባለውን ጦማር በነጻ ያደርሳል። ጦማሪቱ አንዲት ቅጽ ናት፤ የላኪና የተቀባይ ሙሉ ስምና አድራሻ ይሰፍርባታል፣ ከዚያ በታች ጥቂት ባዶ መስመር አለ። አትታሸግም፤ ስለ ቤተሰብ ደኅንነት እንጂ ስለ ጦርና ስለ ፖለቲካ አንዳች አይጻፍባትም።

ሥርዓቱ የቆየ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጄኔቭ በኩል የምታልፈው የሰላማዊ ሰው ጦማር ከ25 ቃል እንዳትበልጥ ተወስኖ ሳለ፣ 24 ሚሊዮን ያህል መልእክት ተላልፏል። በዚያው ዘመን ከቦምብ ሽሽት ወደ ገጠር የተወሰዱ የእንግሊዝ ተማሪዎች የደረሱበትን ስፍራ በፖስታ ካርድ ለወላጆቻቸው ያስታውቁ ነበር፤ ከውቅያኖስ ማዶ ካሉ የአሜሪካ እኩዮቻቸውም ጋር፣ መልክ ለመልክ ሳይተያዩ፣ በጽሑፍ ወዳጅነት ይገጥሙ ነበር።

የዛሬ ወጣት «ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» የሚለውን የአባቶች የደብዳቤ መክፈቻ እንደ ትርፍ ቃል ቆጥሮ ይዘለዋል። ነገር ግን ጥቂት መስመር ብቻ የተፈቀደለት ስደተኛ፣ በአማርኛም ይሁን በዓረብኛ ወይም በበርታ ቋንቋ፣ ከዚህ ሌላ ምን ይጽፋል? በሰላም ዘመን መግቢያ የሆነው ቃል በጦርነት ዘመን ሙሉው ደብዳቤ ነው።

ስለዚህ ለስደተኞቹ መጠለያዎች ቅርብ የሆናችሁ የአሶሳ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁ በሸርቆሌና በባምባሲ ላሉ እኩዮቻቸው አንዳንድ ገጽ እንዲጽፉ አድርጉ። ወላጁ ያለበትን የማያውቅ ሕፃን፣ ከቅርብ ሰፈር እንኳ ቢሆን፣ ስሙን ጠርቶ «እንደምን አለህ?» የሚለው ሰው ሊያገኝ ይገባዋል።