ልጄ አፉን አልፈታም፣ ስሙን ስጠራውም አይዞርም፦ የኦቲዝም ምርመራ እንዴት ይካሄዳል?

ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት ወይም ከጌራ ልጃቸውን ይዘው ወደ ጅማ የሚመጡ ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚሉት አንድ ነው፦ «ሦስት ዓመት አለፈው፣ እስካሁን አፉን አልፈታም።» ጎረቤት ደግሞ «አባቱም የተናገረው በአራት ዓመቱ ነው» እያለ ያጽናናል። እኔም ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት «ትንሽ ይጠብቁ» ብዬ የመለስኳቸው ነበሩ። ዛሬ እንዲህ አልልም።

ኦቲዝም ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። ከሰው ጋር መግባባትን ይነካል፤ አንድን ነገር መደጋገምና ለድምፅ ወይም ለንክኪ ከልክ በላይ መረበሽም አብረውት ይታያሉ። በእናት ጥፋት፣ በክትባት ወይም በእርግማን አይመጣም።

ከቃል በፊት የሚታየው

ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ ልጅዎን ልብ ብለው ይመልከቱ። ሙዝ ከፍ ያለ ቦታ ተቀምጧል እንበል። አንዱ ልጅ ባይናገርም በጣቱ ይጠቁምና ዞር ብሎ የእናቱን ዓይን ያያል። ሌላው ፊቷን ሳያይ እጇን ይዞ ወደ ሙዙ ይገፋል። ሁለቱም ፍላጎታቸውን ገልጸዋል፤ ለሐኪም ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከዚህም የሚበልጠው ምንም ሳይፈልግ፣ ለማሳየት ብቻ መጠቆሙ ነው። ቡና በጆንያ የጫነ አይሱዙ በደጅ ሲያልፍ ጣቱን ዘርግቶ «አየሽ?» በሚል ዓይን ወደ እርስዎ ይዞራል? አብዛኞቹ ልጆች ይህን እስከ 18 ወራቸው ይጀምራሉ።

በ12 ወሩ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በ16 ወሩ አንድም ቃል የሌለው ወይም በ2 ዓመቱ ሁለት ቃላት የማያጣምር ልጅ መታየት አለበት። የነበረው ቃል ወይም ጨዋታ የጠፋበት ልጅ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይታይ። ከእነዚህ አንዱ መታየቱ ብቻውን ኦቲዝም ነው ማለት አይደለም።

መጀመሪያ ጆሮው ይታይ

ስሙን የማይሰማ የሚመስል ልጅ በእርግጥም ላይሰማ ይችላል። በተለይ ማጅራት ገትር ታሞ ከነበረ ወይም ጆሮው መግል የሚያወጣ ከሆነ የመስማት ምርመራ ይቅደም። «በር ሲንኳኳ ይደነግጣል» ማለት አይበቃም፤ ከፍተኛ ድምፅ እየሰማ ንግግር የማይለይ ልጅ አለ።

ቤት አፋን ኦሮሞ፣ ገበያ አማርኛ መስማቱ ግን ኦቲዝም አያመጣም። ቃላቱን ሲቆጥሩ የሁለቱንም ቋንቋ ይደምሩ። መጠቆም ደግሞ ትርጉም አያስፈልገውም።

የምርመራው ቀን

ኦቲዝምን የሚለይ የደም ምርመራም ሆነ የጭንቅላት ራጅ የለም። ምርመራው የልጁን ታሪክ በዝርዝር መጠየቅና ሲጫወት ማየት ነው። ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች ኤም-ቻት የሚባል 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ፤ እሱ ማጣሪያ እንጂ ውሳኔ አይደለም። ብዙዎቹ መመዘኛዎች ሌላ አገር የተዘጋጁ በመሆናቸው በእኔ አስተያየት ሐኪሙ የልጁን ኑሮ ማወቅ አለበት። አሻንጉሊት የሌለው ልጅ በቆርኪ ሲኒ አስመስሎ ቡና ከቀዳ የማስመሰል ጨዋታ ያውቃል።

ከጤና ጣቢያ ይጀምሩና ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሕፃናት ወይም የሥነ አእምሮ ክፍል ሪፈር እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ። የክትባት ካርዱንና ቤት ውስጥ በስልክ የቀረጹትን አጭር ቪዲዮ ይያዙ። በቡና ለቀማ ወራት እናት ማሳ ስትውል ልጁን የምትይዘው ታላቅ እህቱ ከሆነች እሷም ትምጣ፤ ብዙ የምታውቀው እሷ ናት። ምርመራው በአንድ ቀን ላያልቅ ይችላል።

በደንብ የሚናገሩ ልጆችም በጉርምስና ሊለዩ ይችላሉ። በተለይ ሴቶች ልጆች ጓደኞቻቸውን እየቀዱ ችግራቸውን ስለሚደብቁ መጀመሪያ በጭንቀት ወይም በድብርት ይመጣሉ። ወላጅ የሕፃንነታቸውን ታሪክ ይናገር፤ ወጣቷን ግን ሐኪሙ ለብቻዋም ያነጋግራት።

እስከዚያው

ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት የለም። የሚጥል በሽታ ግን አብሮ ሊኖር ይችላል፤ መድኃኒትም አለው። ጸሎቱም ዱዓውም ይቀጥል፣ የታዘዘው መድኃኒት ግን አይቋረጥ።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው ሲሉ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ውስጥ ከፍተዋል። ከጅማ ሩቅ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚሠራው ግን ዛሬ ይጀመራል። እጅዎን ሲጎትት ዝቅ ብለው ሙዙን ከፊትዎ አጠገብ ይያዙ። «ሙዝ» ይበሉ፤ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ይጠብቁ። ዓይንዎን ካየ ወይም ድምፅ ካወጣ ወዲያው ይስጡት።