ለዕርቅ ትምህርት ባሕር ማዶ ስለ መሔድ

ከጋሸና ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ኮን የዋድላ ወረዳ ከተማ ናት። ዋድላ በቅኔ መምህራን ስሙ የታወቀ አገር ስለ ሆነ፤ ተማሪ አኮፋዳውን ይዞ ከዘመድ ርቆ ዕውቀት መሻቱ ለዚህ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም።

ዳሩ ግን በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በሰሜን ወሎ ባለፈ ጊዜ ብዙ ቤት ሐዘን ገባበት። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቢፈረምም፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። እንግዲህ ፊርማ ጦርን ቢያቆም፤ ልብን ለማስታረቅ ብቻውን እንደማይበቃ ታየ።

የዕርቅን ነገር ለመመርመር ወደ ሩዋንዳ የሚሔድ ሰው ትልቅ ትምህርት ያገኛል። በ1986 ዓ.ም. በመቶ ቀን ያህል ውስጥ ብዙ መቶ ሺህ ሰው ባለቀበት በዚያ አገር፤ የተከሳሹ ብዛት ከፍርድ ቤቶች አቅም በላይ ሆነ። ስለዚህ መንግሥቱ ጋቻቻ የሚባለውን፤ በሣር ላይ ተቀምጠው የሚዳኙበትን የቀድሞ የመንደር ሸንጎ እንደ ገና አቋቁሞ እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ክስ አሰማ። ገዳዩ በጎረቤቶቹ ፊት ቆሞ ያደረገውን ተናገረ፤ የሟቾችም አስከሬን የወደቀበት ስፍራ በብዙ ቦታ ታወቀ። ነገር ግን ያሸነፈው ሠራዊት ያጠፋው ጥፋት በጋቻቻ ስላልታየ፤ የአንዳንዱ ሐዘን ሳይሰማ ቀረ። ተማሪውም መልካሙን ከጉድለቱ ለይቶ ማየት ይገባዋል።

በእኛስ አገር ሽማግሎች ሁለቱን ወገን ሳይሰሙ ያስታርቃሉን? ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሲለምን፤ ካህኑ መስቀል ይዞ በመካከል ሲቆም፤ የደም ካሳ ሲቈረጥ የኖረው፤ ዕርቅ ደም ያደርቅ ተብሎ አይደለምን?

በትውፊት እንደሚነገረው ንጉሥ ላሊበላ ኢየሩሳሌምን አይቶ ተመልሷል። ይሁን እንጂ አብያተ ክርስቲያናቱን ያነፀው ከዚያ ባመጣው ድንጋይ አይደለም፤ ከላስታ ዓለት ፈልፍሎ ነው። ለዕርቅ ትምህርት የሚሔዱትም እንደዚሁ ያድርጉ።

ስለዚህ የላኪው ሹም ጥያቄ፦ ስንት አገር ጐበኘህ? መሆን የለበትም፤ ተመልሰህ ለማን ነገርህ? ይበል። የተላከውም ያየውን ጽፎ በመዝገብ ቤት ቢያስቀምጥ ጕዞው ገና አላለቀም። በኮን ከካህናትና ከሽማግሎች ጋር ተቀምጦ ያየውን ሲነግራቸው፤ እነርሱም የሚያውቁትን ሲነግሩት፤ ልጇ የሞተባት እናትም የመናገር ተራ ሲደርሳት፤ ያን ጊዜ መንገዱ ተፈጸመ ይባላል።