ያለ ምርመራ የሚዋጥ ኪኒን፦ ወባና ራስን በራስ ማከም በጁባ

ጁባ ውስጥ ትኩሳት የያዘው፣ ራሱን የሚያመውና መገጣጠሚያውን የሚቆረጥመው ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መድኃኒት ሱቅ ነው። «ወባ ነው» ብሎ የሚፈርደው ሕመምተኛው ራሱ ወይም ቤተሰቡ ነው፤ መድኃኒቱን የሚመርጠው ደግሞ ሻጩ። በወባ አገር ይህ ግምት ከመሬት የተነሣ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ቀጥሎ ነው፦ ሳይመረመሩ መዋጥ፣ የማይሠራ መድኃኒት መግዛት፣ የጀመሩትን ሳይጨርሱ መተው።

የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ በነጭ ዓባይ ዳር፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ550 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላ ናት። ዝናቡ ከሚያዝያ እስከ ኅዳር ይዘልቃል። የጎርፍ መውረጃ በሌላቸው ሰፈሮች የመኪና ጎማ የማሰው ጉድጓድ ሳይቀር ውሃ ያቁራል፤ ወባ የምታስተላልፈው ሴቷ አኖፌለስ ትንኝ የምትራባውም እንዲህ ባለው ውሃ ነው። በሽታው በዝናቡ ወራት ይበረታል እንጂ በበጋም አይጠፋም። በብዛት የሚገኘው ተውሳክ ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም ሲሆን፣ ከወባ ዓይነቶች ሁሉ ገዳዩ እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ 263 ሚሊዮን ሰዎች በወባ እንደታመሙና 597 ሺህ እንደሞቱ ገምቷል፤ ከሟቾቹ 95 በመቶው በአፍሪካ ነው።

በወባማ አካባቢ ያደገ ሰው ደጋግሞ በመያዙ ከፊል የመቋቋም አቅም ያዳብራል። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ግን ይህ ከለላ ይጎድላቸዋል ወይም ይደክምባቸዋል። ከደጋ ወርደው በጁባ ሆቴል፣ ምግብ ቤትና ንግድ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም እንደዚሁ ናቸው። የአገሬው ጎረቤት በሁለት ቀን የሚነሣበት ሕመም እነሱን ወደ ከባድ ወባ ሊያደርሳቸው ስለሚችል፣ «እኔን ያዳነኝ ይህ ነው» የሚለው ምክር ለእነሱ አይሠራም።

ሕዝቡ የሚያውቀውና የሚያምነው

ወባ በትንኝ ንክሻ እንደሚመጣና አጎበር እንደሚከላከለው የማያውቅ የጁባ ነዋሪ ጥቂት ነው። ከዚህ እውቀት ጎን ለጎን ግን ሌሎች እምነቶችም ይኖራሉ። ቆሻሻ ውሃ መጠጣት፣ በዝናብ መመታት ወይም ማንጎ ማብዛት ወባ ያመጣል የሚሉ አሉ። የማንጎው ነገር መነሻው ግልጽ ነው፤ ፍሬው የሚበስለው ዝናቡ በሚገባበት ሰሞን ስለሆነ፣ የማንጎው ወቅትና የትንኙ ወቅት አብረው ይመጣሉ።

ባህላዊ መድኃኒቱም አልቀረም። ለጥላ ተብሎ በየግቢው የሚተከለው የኒም ዛፍ ቅጠሉ ተቀቅሎ ይጠጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ለወባ እንደሚወሰዱት ማለት ነው። ዕፅ መድኃኒት አይወጣውም ማለት አይቻልም፤ ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዮዮ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ከአንድ የአሪቲ ዘመድ ቅጠል አርቴሚሲኒንን በማውጣታቸው ነው። ልዩነቱ እዚያ ንጥረ ነገሩ ተለይቶ፣ ተመዝኖና በሕሙማን ላይ ተፈትኖ መውጣቱ ነው። በቤት የሚፈላ የኒም ውሃ መጠኑም አይታወቅ፣ ማዳኑም አልተረጋገጠ።

ሱቁ ለምን ይቀድማል?

በመንግሥት ጤና ጣቢያ መድኃኒት አልቆ ሊቆይ ይችላል፤ ወረፋው ያውላል፤ የግል ክሊኒክ ደግሞ ለካርድም ለምርመራም ያስከፍላል። ደመወዝ ለወራት በሚዘገይበት ከተማ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። ልጅ በሌሊት ሲያተኩስ በጭቃና በጨለማ ርቆ መሄድም ያሰጋል። ሱቁ ግን ቅርብ ነው፤ አያስጠብቅም፤ ለደንበኛ በዱቤም ይሰጣል። ስለዚህ ራስን በራስ ማከም ከአላዋቂነት ይልቅ የኪስና የርቀት ጉዳይ ነው።

ስህተቱ የሚፈጠረው የት ላይ ነው?

የመጀመሪያው ስህተት ትኩሳትን ሁሉ ወባ ማድረግ ነው። የሳንባ ምችም ታይፎይድም ያተኩሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ማንኛውም በወባ የተጠረጠረ ሰው ከመታከሙ በፊት በደም እንዲመረመር ይመክራል። ፈጣኑ ምርመራ ከጣት የምትወሰድ አንዲት ጠብታ ደምና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ብቻ ይበቃዋል።

ሁለተኛው የመድኃኒቱ ምርጫ ነው። ክሎሮኪን ለፋልሲፓረም መሥራቱን ካቆመ ቆይቷል፤ ፋንሲዳርም ዛሬ የሚፈለገው በዋናነት ነፍሰ ጡሮችን ከወባ ለመከላከል ነው። አሁን የሚሠራው አርቴሚሲኒን ወለድ መድኃኒት ከሌላ አጋር ጋር የተጣመረበት ሕክምና ነው። መርፌ ከኪኒን ይበልጣል የሚለው እምነትም ሰዎችን ያለ በቂ ምክንያት ለጉሉኮስና ለመርፌ ይዳርጋል።

ሦስተኛው ግማሽ መጠን ነው። በተለምዶ ኮአርተም የሚባለው መድኃኒት ለአዋቂ 24 ፍሬ ነው፤ አራት አራት እየተደረገ በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ፣ ከምግብ ወይም ከወተት ጋር ይወሰዳል። ገንዘብ ያጠረው ገዢ 12 ፍሬ ይጠይቃል፤ ሻጩ እሽጉን በመቀስ ለሁለት ይከፍለዋል፤ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ የታተመበት ጠርዝ ከሌላው ግማሽ ጋር ይቀራል። መድኃኒቱን በሙሉ የገዛም ትኩሳቱ ሲለቀው የቀረውን ለሌላ ቀን ያስቀምጣል። ኮአርተም ውስጥ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች፣ በመጀመሪያው ቀን ሰውየውን የሚያቀልለው አርቴሜተር ብዙውን ተውሳክ ገድሎ በሰዓታት ውስጥ ከደም ይወጣል። የተረፈውን የሚጠርገው ለቀናት የሚቆየው ሉሜፋንትሪን ነው። መጠኑ ከተጓደለ ሕመሙ ከሳምንታት በኋላ ያገረሻል፤ ሕመምተኛውም «መድኃኒቱ አይሠራም» ይላል።

አራተኛው የመድኃኒቱ ጥራት ነው። እነዚህ ኪኒኖች ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዲቀመጡ ይመከራል፤ በበጋ የጁባ ሙቀት ግን ከ35 ዲግሪ ያልፋል፣ በቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ሐሰተኛና ደረጃውን ያልጠበቀ መድኃኒትም ወደ ገበያ ይገባል።

የእነዚህ ስህተቶች ድምር ከግለሰብ ያልፋል። ያልተሟላ ሕክምና የሚበረቱትን ተውሳኮች መርጦ ያተርፋል። በሰሜን ኡጋንዳ ጉሉ እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2019 የተደረገ ጥናት ለአርቴሚሲኒን የማይበገር ወባ መኖሩን አረጋግጧል፤ ጉሉ ደግሞ በድንበር ከተማዋ ኒሙሌ በኩል ጁባን ከኡጋንዳ በሚያገናኘው የንግድ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት።

መፍትሔው ወደ ሰፈር ሲጠጋ

ሰዎችን ከሱቅ በመከልከል ብቻ ልማዱ አይቀርም። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2017 የጀመረችው የቦማ ጤና ፕሮግራም በየመንደሩ የሠለጠኑ ሠራተኞች ሕፃናትን ለወባ፣ ለሳንባ ምችና ለተቅማጥ እንዲያክሙ ያደርጋል። በኡጋንዳ ሙኮኖ ወረዳ ደግሞ የመድኃኒት ሻጮች ሠልጥነው ፈጣን ምርመራ ሲሰጣቸው፣ ወባ ለሌለበት ሰው የሚሸጠው የወባ መድኃኒት በእጅጉ ቀንሷል። አር 21 የተባለው የወባ ክትባትም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 በደቡብ ሱዳን ለሕፃናት መሰጠት ጀምሯል፤ አጎበርን ያግዛል እንጂ አይተካውም።

ለቤተሰብ የሚጠቅመው ሕግ አጭር ነው፦ መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዚያ የተሟላ መድኃኒት፣ ሳያካፍሉና ሳያቋርጡ። ልጅ መጥባት ወይም መብላት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ራሱን ከሳተ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ግን የሱቅ ኪኒን አይሞከርም። ከባድ ወባ ሕፃንን በአንድ ቀን ውስጥ ሊገድል ስለሚችል በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡርም ትኩሳት ከተሰማት በራሷ ምርጫ መድኃኒት ሳትጀምር በዚያው ቀን መመርመር አለባት።