ሠላሳ ቀን የሚቆጥረው አንቀጽ

መንግሥት አካባቢን ይጠብቃል ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን የክረምት ችግኝ ተከላ፣ የፓርክ ጠባቂና ቅጣት ነው። ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖር መብት መሆኑን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 አስፍሯል። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 299 የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማን፣ አዋጅ ቁጥር 300 የብክለት ቁጥጥርን ይዘው ወጥተዋል። ይህን ያህሉ የታወቀ ነው። በእኔ እምነት ግን ከሁሉም ይልቅ ሊነገርለት ሲገባ የተዘነጋው የአዋጅ ቁጥር 300 አንቀጽ 11 ነው፤ መንግሥት በዚህ አንቀጽ ራሱን በነዋሪው ፊት በቀነ ገደብ አስሯልና።

አንቀጹ ሁለት ንዑስ አንቀጾች ብቻ አሉት። ማንኛውም ሰው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት አድርሷል ወይም ሊያደርስ ይችላል በሚለው አካል ላይ፣ ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል፤ የራሱ ጥቅም መነካቱን እንዲያስረዳ አይጠየቅም። የዚህ ክብደት የሚታየው ከፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 33 ጎን ሲቀመጥ ነው፤ በዚያ ሕግ መብት ወይም ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ መሆን አይችልም። ትንሹ አቃቂን እንውሰድ። ወንዙ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ከቆዳ ፋብሪካ የወጣ ክሮሚየም ሲገባበት በተለመደው ሕግ «የእኔ ነው» ብሎ የሚቆም ሰው ማግኘት ይከብዳል። በአንቀጽ 11 ግን በውሃው ጎመን የሚያለማው ገበሬም፣ ጎመኑን መርካቶ የሚገዛውም፣ ወንዙን አይቶት የማያውቀው የባሕር ዳር ነዋሪም እኩል አቤት ባይ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው አቤት ባዩን ካላረካ፣ በስድሳ ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

«የእኔ ግቢ እስካልተነካ ምን አገባኝ» የሚለው አስተሳሰብ እንግዲህ በሕግ ረገድ መሠረት የለውም። ከዚህ የባሰው ግን ቅሬታን በቃል አሰምቶ ወይም ስልክ ደውሎ መተው ነው። ቀኑ የሚቆጠረው አቤቱታው ከቀረበበት ጊዜ ጀምሮ ነውና ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ተጽፎ መዝገብ ቤት መግባት አለበት፤ በእጅ የሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ካላረፈ ሠላሳው ቀን መቼ እንዳለቀ ማስረዳት ጭንቅ ነው። ስድሳውን ቀን በ«እስቲ እንጠብቃቸው» ማሳለፍም የተሰጠንን መብት በእጃችን መጣል ነው።

በር እንዲህ ከተከፈተ ክስ ይበዛል፣ ፋብሪካና ሥራ ይጎዳል የሚሉ አሉ። አንቀጹ ግን ማንንም በቀጥታ ወደ ችሎት አይልክም፤ መጀመሪያ ጉዳዩን የሚያውቀው መሥሪያ ቤት ያጣራዋል፣ መሠረተ ቢሱም እዚያው ይቀራል። ተራ ሰው ያለ ላቦራቶሪ ብክለትን እንዴት ያስረዳል የሚለው ጥያቄ የበለጠ ይከብዳል። መልሱ እዚያው አዋጅ ውስጥ ነው፦ የአካባቢ ተቆጣጣሪ ያለ ቅድመ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቅጥር ግቢ ገብቶ ናሙና መውሰድ ይችላል። የአቤት ባዩ ሥራ ቱቦው የት እንዳለና መቼ እንደሚለቀቅ መጠቆም ነው፤ ጠርሙሱን የሚሞላው መንግሥት ነው።

ሦስተኛው መከራከሪያ የአቃቂው ክስ ነው። አፓፕ የተባለው ድርጅት በወንዙ ብክለት የተነሳ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑን ከሶ ፍርድ ቤቱ ክሱን ሳይቀበለው ቀርቷል፤ ስለዚህ አንቀጹ የወረቀት ነብር ነው ይባላል። አልስማማም። ያ ክስ ተቆጣጣሪውን ተከሳሽ ያደረገ ነበር፤ አንቀጽ 11 ደግሞ አቤቱታው የሚቀርበው ጉዳት በሚያደርሰው ላይ ነው ይላል። የፋብሪካውን ስም፣ የቱቦውን ቦታና የገቢውን ቀን ይዞ የሚቀርብ ሰው፣ ሠላሳው ቀን ያለ ውሳኔ ቢያልፍ፣ ክሱን በማን ላይ እንደሚያቀርብ ከመጀመሪያው ገጽ ያውቀዋል።