የመስኮት ፀሐይና የቤት ኤሊ

ነብርማ ኤሊ የሚባለው፣ ቅርፊቱ በቢጫና በጥቁር የተዥጎረጎረው የየብስ ኤሊ፣ ከኢትዮጵያ ቆላዎች አንሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ በሣርና በቁጥቋጦ ምድር የሚኖር ሲሆን፣ ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ቤት ውስጥ ከሚያድጉት ኤሊዎች አንዱ ሆኗል። በተፈጥሮው የክረምት እንቅልፍ ስለማይተኛ፣ ውጭው በረዶ በሆነባቸው ወራት ብርሃኑም ሙቀቱም መኖውም በባለቤቱ እጅ ነው።

እንዲህ ያለው ኤሊ ወደ እንስሳት ሐኪም ሲመጣ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የሚናገረው «መብላት አቆመ» የሚለውን ነው፤ ሐኪሙ ግን አስቀድሞ የሚዳስሰው ቅርፊቱን ነው። ገና ከተፈለፈለ ጫጩት በስተቀር፣ የኤሊ ቅርፊት በአውራ ጣት ሲጫኑት መርገብ የለበትም። ከረገበ አጥንቱ ካልሲየም አንሶታል፤ ሕመሙም የሕፃናት ሪኬትስ የቅርብ ዘመድ ነው።

ቀጥሎ ስለ መብራት ሲጠየቅ፣ «ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር እናስቀምጠዋለን» የሚል መልስ ይሰማል። ሕፃን የጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ያየ ሰው ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባዋል፤ ነገር ግን አልትራቫዮሌት ቢ የተባለው፣ የሞገድ ርዝመቱ ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር ገደማ የሆነውና ለሰው ዓይን የማይታየው ጨረር በተራ የመስኮት መስታወት ላይ ይቀራል። ቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚሠራው በዚህ ጨረር ነው፤ ያለዚህ ቫይታሚን የተበላው ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም በሚገባ አያልፍም። ስለዚህ ይህን ጨረር የሚሰጥ ልዩ መብራት ያስፈልጋል፤ የሚሰቀለውም ዓይን እንዳይጎዳ ከጎን ሳይሆን ከበላይ፣ አምራቹ በወሰነው ርቀት ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ከሥሩ ከተዘረጋ የጨረሩን ጉልህ ክፍል ያስቀራል።

ሙቀቱም ከብርሃኑ አይነጠልም፤ በቆዳ የተጀመረው ቫይታሚን የሚጠናቀቀው በሰውነት ሙቀት ነው። ኤሊ የራሱን ሙቀት የማያመነጭ ፍጥረት ስለሆነ፣ ከመኖሪያው አንዱ ጫፍ በመብራቱ ሥር ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሌላው ጫፍ ወደ 25 ዲግሪ ቢሆን፣ የሚስማማውን ራሱ እየተጓዘ ይመርጣል። ቴርሞሜትሩ የሚቀመጠው ግድግዳ ላይ ሳይሆን በቅርፊቱ ቁመት ነው። ከታች የሚያሞቅ ድንጋይ ግን አይመከርም፤ እንስሳው በተፈጥሮው የሚሞቀው ከላይ በመሆኑ ሆዱ ሲቃጠል ላይሸሽ ይችላል። መብላት ያቆመው ኤሊ አንዳንድ ጊዜ የቀዘቀዘ ኤሊ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

መኖው ቀላል ነው፤ ከባዱ ባለቤቱን ማሳመን ነው። አብዛኛው ሣርና ድርቆሽ፣ የቀረው እንደ ጎርጥብና የበለስ ቁልቋል ያለ ቃጫ የበዛበት፣ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ እጥፍ የሚሆን ቅጠል መሆን አለበት። ቆስጣ ለሰው መልካም ቢሆንም ኦክሳሌት የተባለው ንጥረ ነገር ካልሲየሙን አስሮ ስለሚያስቀር አይዘወተርም፤ ፍራፍሬ ሆድ ያውካል፤ የውሻ ምግብ ደግሞ በፕሮቲኑ ብዛት አይገባውም።

አንድ ነገር ይቀራል። ልዩው መብራት ብርሃኑ ሳይጠፋ ጨረሩ ቀድሞ ስለሚደክም፣ እንደየዓይነቱ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ መለወጥ አለበት፤ የተገጠመበት ቀን በመያዣው ላይ በእስክሪብቶ ይጻፍ።