አሮጌው ጊታር ከምን እንጨት ተሠራ?

ቤታችሁ ከአጎት የተረፈ አሮጌ ጊታር አለ እንበል። አንዱ አገላብጦ ያየውና «ይሄማ የብራዚል ሮዝውድ ነው!» ይላል። ቀላል ወሬ አይደለም። እውነት ከሆነ ዋጋው ይንራል፤ ያለ ፈቃድ ድንበር ካሻገራችሁት ደግሞ ሊወረስ ይችላል። ታዲያ እንጨቱን በምን እንለየው?

መጀመሪያ ነገር፣ ሮዝውድ የአንድ ዛፍ ስም አይደለም። ዳልበርጂያ በሚባለው ወገን ውስጥ ወደ 250 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉ (ብታምኑም ባታምኑም ከባቄላና ከአተር ጋር ይዛመዳሉ)። «ሮዝ» የተባሉት አንዳንዶቹ ሲጋዙ የጽጌረዳ ሽታ ስለሚሰጡ ነው። በአሮጌ ጊታሮች ጀርባና ጎን ላይ በብዛት የምናገኘው የብራዚሉን ዳልበርጂያ ኒግራ ወይም የህንዱን ዳልበርጂያ ላቲፎሊያ ነው። እኛም አገር የዚሁ ወገን ዛፍ አለ። በቆላማ ደረቅ ጫካዎቻችን የሚበቅለው ዞጲ፣ ማለትም ዳልበርጂያ ሜላኖክሲሎን፣ የዓለም ክላርኔት ሠሪዎች የሚመርጡት ጥቁር እንጨት ነው። የጥንት ግብፆችም ከደቡብ ያስመጡት ነበር። ዞጲ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል። የብራዚሉና የህንዱ ግን ክብደታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ሚዛን አይለያቸውም።

ቀለምስ? የህንዱ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቡናማ ሲሆን መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። የብራዚሉ ወደ ቀይ ወይም ወደ ቸኮሌት ያደላል፤ አንዳንዴም የሸረሪት ድር የሚመስሉ ጥቁር መስመሮች አሉት። ችግሩ ብርሃንና የቆየ ቫርኒሽ ቀለምን ይለውጣሉ። እኔ በቀለም ብቻ ተማምኖ የሚፈርድ ሰው አላምንም።

የተሻለው ምስክር ቀዳዳው ነው። ዛፉ በሕይወት ሳለ ውሃ የሚያመላልስባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች ነበሩት፤ እንጨቱ ከወርድ ሲቆረጥ እነሱ ነጠብጣብ መስለው ይታያሉ። ነፋስ ስልክ አካባቢ ከሆናችሁ አንዱ እንጨት ቤት ጎራ በሉና የዋንዛና የዝግባ ቁርጥራጭ ለምኑ። ጫፋቸውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳችሁ በአጉሊ መነፅር እዩ። ዋንዛው ቀዳዳ አለው፤ ዝግባው ግን እንደ ጥድ ስለሆነ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የለውም። ዓይናችሁ ይህን ከለመደ በኋላ ወደ ሮዝውድ ሂዱ። አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነፅር የህንዱ ቀዳዳዎች በርከት ብለው፣ የብራዚሉ ግን ተራርቀው ይታያሉ። ጊታር ላይ የተቆረጠ ጫፍ የሚገኘው በአብዛኛው ክሮቹ በሚታሰሩበት ድልድይ ወይም በአንገቱ ሳንቃ ጫፍ ላይ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ድልድዩና ጀርባው ከተለያየ ዛፍ ሊሠሩ ይችላሉ።

ሌላው ቀላል ምርመራ እነሆ። በድምፅ ቀዳዳው ውስጥ በስልካችሁ መብራት አብሩና የጀርባውን የውስጥ መስመሮች ከውጭዎቹ ጋር አስተያዩ። ካልገጠሙ የያዛችሁት ላዩ ላይ ስስ ሮዝውድ የተለጠፈበት ኮምፔንሳቶ ነው። እዚያው ውስጥ የአንገቱ ሥር ላይ የተመታ ቁጥር ካለ ጻፉት፤ የሥሪት ዓመቱን ያሳውቃል። ዓመቱ ብዙ ይናገራል። ለምሳሌ የአሜሪካው ማርቲን ኩባንያ የብራዚሉ ግንድ እንደ ልብ አልገኝ ሲለው እ.ኤ.አ. በ1969 ወደ ህንዱ ዞሯል።

«በአልኮል ጥረጉት፣ ቀለም ከለቀቀ ተነክሮ ነው» የሚል ምክር ከሰማችሁ እንዳትሞክሩት! እውነተኛ ሮዝውድም በአልኮል ቀለም ይለቃል፤ አልኮሉ ደግሞ የቆዩ ቫርኒሾችን ያበላሻል።

ይህ ሁሉ አልፎ ጥርጣሬ ከቀረ ቤተ ሙከራ አለ። ከአንዲት ስንጣሪ የሚወጡት ኬሚካሎች በማስ ስፔክትሮሜትር ተለክተው ከታወቁ ዝርያዎች ጋር ይነጻጸራሉ።

የሕጉ ጉዳይ እንዲህ ነው። ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የብራዚሉን ሮዝውድ እ.ኤ.አ. በ1992 በጣም ጥብቅ በሆነው ዝርዝሩ ውስጥ አስገባው፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። እ.ኤ.አ. በ2017 የቀሩት የዳልበርጂያ ዝርያዎች በሙሉ በሁለተኛው ዝርዝር ገቡ፤ ሙዚቀኞች ብዙ ካጉረመረሙ በኋላ በ2019 መጨረሻ ለተጠናቀቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ነፃነት ተሰጠ። ነፃነቱ ግን የብራዚሉን አይጨምርም። ጊታሩን ይዛችሁ ውጭ ለመሄድ ካሰባችሁ የእንጨቱን ዓይነት ከመብረራችሁ በፊት አጣሩ፤ ፈቃድ የሚያስፈልገው ከሆነ የሚጠየቀው ከጉዞው በፊት ነው።