ከከሚሴ የሚነሳ ይግባኝ

አዲስ አበባን ከደሴ የሚያገናኘው አስፋልት ከሚሴን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። እንበልና አንድ የጭነት መኪና ከእህል ጆንያ ሥር ካናቢስ ደብቆ ኬላ ላይ ተያዘ። ሾፌሩ፣ ረዳቱና ዕቃውን ያስጫነው ሰው በአንድ መዝገብ ተከሰው ጥፋተኛ ተባሉ።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ አዘዋዋሪን ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና በመቀጮ ይቀጣል። በአሜሪካ ዕፅ ለማዘዋወር መዶለት ለብቻው ያስከስሳል። እኛ ዘንድ ግን አንቀጽ 38 ወደ አንቀጽ 84 ይመራል፤ ተስማምቶ መሥራት ቅጣት ማክበጃ ይሆናል።

ወንጀሉ የፌዴራል ነው፤ የፌዴራል ፍርድ ቤት ግን ከሚሴ ላይ የለም። ክፍተቱን የሚሞላው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ነው። ጉዳዩ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ድርሻ ከሆነ የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በውክልና ያየዋል፤ ይግባኙም ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድርሻ ከሆነ ደግሞ ራሱ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይፈርዳል፤ ያኔ ይግባኙ የሚያቀናው ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ይግባኝ ባዩ የሚሄደው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወዳለበት ባሕር ዳር ወይስ ወደ አዲስ አበባ መሆኑን አስቀድሞ መለየት አለበት።

ቀኖቹ አጭር ናቸው። በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንደሚጠየቅ ማሳወቅና ግልባጭ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ግልባጩ በእጅ ከገባ በኋላ ማመልከቻውን ለማስገባት 30 ቀን አለ። የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለማሳወቂያው የሚሰጡት 14 ቀን ነው። ይግባኝ ማለት ብቻውን ከማረሚያ ቤት አያስወጣም።

ከሚሴ የምትገኝበት የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ የክልሉም የፌዴራሉም አማርኛ። ስለዚህ የምስክሮች ቃል ሲተረጎም ተዛንፎ እንደሆነ ጠበቃው ማመልከቻውን ከመጻፉ በፊት ቢመረምር ይበጃል።

ጥፋቱን ያመነ ተከሳሽ በጥፋተኝነቱ ላይ ይግባኝ አይልም፤ በቅጣቱ ላይ ግን ይችላል። ክርክሩ የሚጠብቀውም እዚህ ነው፤ የቅጣት አወሳሰን መመሪያው በሚያዘው መሠረት ደረጃው በትክክል ተይዟል? ማቅለያዎቹስ ተቆጥረዋል? ዐቃቤ ሕግም ቅጣቱ አነሰ ብሎ ይግባኝ ሊል እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

ከመኪናው ሦስት ሰዎች ይግባኝ ያለው ሾፌሩ ብቻ ቢሆንስ? የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 196 ለዚህ መልስ አለው፤ ሾፌሩ ያስገኘው ውሳኔ የሚጠቅማቸው ከሆነ ይግባኝ ላላሉት ረዳቱና አስጫኙም ይተርፋል።